የሶፍትዌር ፓተንት፦ ልኩ የማን ነው? ቅኔውስ?

(ባሕር ዳር ላይ ለሶፍትዌር ባለሙያዎችና ለቴክኖሎጂ ተማሪዎች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)

እንደምን ዋላችሁ። ፓተንት ማለት ለአንድ ፈጠራ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ ብቸኛ መብት ነው። በአገራችን የፓተንት ሕግ ውስጥ ብዙ የሶፍትዌር ሰው አንብቦት የማያውቅ አንድ አጭር ሐረግ አለ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 በአንቀጽ 4 ፓተንት የማይሰጥባቸውን ነገሮች ሲዘረዝር የጨዋታ ሕግጋትን፣ የንግድ አሠራር ዘዴዎችንና የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን በአንድ ቦታ ያስቀምጣቸዋል። የሒሳብ ዘዴና ሳይንሳዊ ግኝትም እዚያው ተከልክለዋል። ስለዚህ ከእናንተ አንዱ የጻፈውን መተግበሪያ ይዞ አዲስ አበባ ቢሄድ፣ ለፕሮግራሙ ለራሱ ፓተንት አይሰጠውም።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ድካማችን ሜዳ ላይ ቀረ» ይላል። አልቀረም። ጥበቃ አለው፤ ጥበቃው ግን የሚገኘው ከሌላ ሕግ ነው፣ ዓይነቱም ሌላ ነው። እኔ ያ ሐረግ ባለበት መቆየት አለበት ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ከዚያም ሐረጉ ባለበት አገር የሚሠራ ባለሙያ ሥራውን እንዴት እንደሚጠብቅ እንነጋገራለን።

ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ያለነው ጎጃም ነው። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ ስምንት። በዚህ ልክ ማንም የቅኔ ተማሪ ይቀኝበታል፤ የዋሸራ ቅኔ ቤት ተማሪ የጎንጅ ቅኔ ቤትን ፈቃድ አይጠይቅም። ነገር ግን ትናንት ሌላው የተቀኘውን ዛሬ የራሴ ነው ብሎ የሚያቀርብ ሰው በጉባኤው መካከል ያፍራል። ልኩ የሁሉም ነው፣ ቅኔው የባለቅኔው። የቅጂ መብት የሚጠብቀው ቅኔውን፣ ማለትም እናንተ በእጃችሁ የጻፋችሁትን ኮድ ነው። ፓተንት የሚይዘው ልኩን ነው። ጉባኤ ቃና በፓተንት ተይዞ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለት ቤት ቅኔ ያሰበ ሁሉ ቃላቱ ሁሉ የራሱ ቢሆኑም እንኳ ለዓመታት ፈቃድ ሲለምን በኖረ ነበር።

ከዚህ አንድ ትልቅ የሕግ ውጤት ይወለዳል። ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ ተመሳሳይ ፕሮግራም ቢጽፉ፣ በቅጂ መብት ሕግ ሁለቱም የየራሳቸውን ይዘው ይኖራሉ፤ አንዱ ከሌላው አልገለበጠምና። በፓተንት ግን «በራሴ አሰብኩት፣ ያንተን አይቼው አላውቅም» የሚል መከላከያ የለም። ቀድሞ ያመለከተው ያሸንፋል፤ ሁለተኛው በገዛ ጭንቅላቱ ያፈለቀውን እንዳይጠቀም ሊታገድ ይችላል። በሶፍትዌር ሥራ ደግሞ አንድ ችግር የገጠማቸው አሥር ሰዎች አንድ ዓይነት መፍትሔ ላይ መድረሳቸው የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ክርክሩን ሁሉ የሚወስነው ይህ ነጥብ ይመስለኛል።

አሁን ፓተንት እንዴት እንደሚጻፍ በቅርበት እንይ፤ ክፋቱም ጥቅሙም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የፓተንት ሰነድ መግለጫ አለው፣ ሥዕል አለው፣ በመጨረሻ ግን በቁጥር የተዘረዘረ የመብት ጥያቄ የሚባል ክፍል አለው። ሕግ የሚመለከተው ያንን ነው። እንደ ማሳ ወሰን ነው፤ መግለጫው ማሳው ላይ ምን እንደበቀለ ይናገራል፣ የመብት ጥያቄው ግን ድንጋዮቹን ይተክላል።

ምሳሌ እንሥራ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለሚሄዱ ጀልባዎች ቦታ የሚያስይዝ መተግበሪያ ጻፋችሁ እንበል። ተሳፋሪው በስልኩ መቀመጫ ይመርጣል፤ መቀመጫው ለ10 ደቂቃ ይያዝለታል፤ በሞባይል ገንዘብ ሲከፍል የይለፍ ቁጥር በአጭር መልእክት ይደርሰዋል፤ ካልከፈለ ቦታው ለሌላ ይለቀቃል። የሶፍትዌር ፓተንት ባለበት አገር አንድ የፓተንት ጠበቃ ይህን ይዞ እንዲህ ይጽፈዋል፦ «ቦታን የማስያዝ ዘዴ፤ ሀ) ከተጠቃሚ መሣሪያ የቦታ ጥያቄ መቀበል፤ ለ) የተጠየቀውን ቦታ ለተወሰነ ጊዜ ለሌሎች መዝጋት፤ ሐ) የክፍያ ማረጋገጫ መጠበቅ፤ መ) ማረጋገጫው በጊዜው ካልደረሰ ቦታውን መልቀቅ።»

እስኪ አስተውሉት። ጀልባ የሚል ቃል የለም። ዘጌ የለም። 10 ደቂቃ «የተወሰነ ጊዜ» ሆኗል። በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ እንደተጻፈ፣ ዳታቤዙ እንዴት እንደሚቆልፍ፣ ሁለት ሰው በአንድ ሰከንድ ሲጫን ማን እንደሚቀድም የሚናገር አንድ ቃል የለም፤ እናንተን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የነሳችሁ ግን ያ ነበር። አራቱን ነጥቦች አሟልቶ የሠራ ሁሉ ወሰኑ ውስጥ ገብቷል፦ የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጠው፣ የሐኪም ቀጠሮ የሚያስይዘው፣ የአዳራሽ ወንበር የሚያከራየው። ከአራቱ አንዱን ያልተጠቀመ ብቻ ያመልጣል። ስለዚህ የጠበቃው ጥበብ ነጥቦቹን ማሳነስና ቃላቱን ማስፋት ነው። ነጥቡ ባነሰ ቁጥር ማሳው ይሰፋል።

የመሬት ወሰን ድንጋዩ ይታያል፤ የሚያርስ ሰው በሬውን ከማዞሩ በፊት አይቶት ይመለሳል። «ከተጠቃሚ መሣሪያ»፣ «የተወሰነ ጊዜ» የሚሉ ቃላት ግን ወሰናቸው የሚታወቀው ዳኛ ከፈረደ በኋላ ነው። የመድኃኒት ሰዎች ይህ ችግር እምብዛም የለባቸውም። የአንድ መድኃኒት ሞለኪውል በኬሚካል ቀመር ይጻፋል፤ ያ ሞለኪውል ነው ወይም አይደለም፣ ላቦራቶሪ ይነግራችኋል። ደግሞም አንድ ክኒን የሚቆመው በአንድ ወይም በጥቂት ፓተንት ላይ ነው። ያ የጀልባ መተግበሪያ ግን የመግቢያ ገጽ አለው፣ ካርታ አለው፣ ሥዕል ያሳንሳል፣ ክፍያ ያገናኛል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ መረጃ ያቆያል፣ ሲመለስ ያመሳስላል። እያንዳንዱ ቁራጭ በሌላ ሰው ማሳ ላይ ሊያልፍ ይችላል። ሁሉንም ፈትሾ መጨረስ ለትልቅ ኩባንያም ከባድ ነው፤ ለሦስት ሰው ቡድን የሚታሰብ አይደለም።

ይህ በእውን የደረሰበትን ታሪክ እንይ። ከዚህ በኋላ የውጭ አገር ዓመታትን ስጠራ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቴሪ ዌልች የተባለ የስፔሪ ኩባንያ ተመራማሪ መረጃን የሚያሳንስ ኤል-ዜድ-ደብልዩ የሚባል ዘዴ ሠራ። ዘዴው የሚደጋገሙ ተከታታይ ምልክቶችን እያየ መዝገበ ቃላት ይሠራና በቦታቸው አጭር ቁጥር ይተካል፤ ቆንጆ ነገሩ መዝገበ ቃላቱን ከፋይሉ ጋር መላክ አያስፈልግም፣ የሚፈታው ወገን ራሱ እያነበበ መልሶ ይገነባዋል። ማመልከቻው በ1983 ገባ፣ ፓተንቱ በ1985 ተሰጠ። በመካከሉ በ1984 ዘዴው በኮምፒውተር መጽሔት ታትሞ ወጣ። ያነበበው ሁሉ የጋራ ዕውቀት መስሎት ተጠቀመበት። ኮምፑሰርቭ የተባለ የኦንላይን አገልግሎት ኩባንያ በ1987 ጂፍ የሚባለውን የሥዕል ፋይል ዓይነት በዚህ ዘዴ ላይ ሠራ፤ ጂፍም በመላው ዓለም ተሰራጨ። በ1994 መጨረሻ፣ የስፔሪን ንብረት የወረሰው ዩኒሲስና ኮምፑሰርቭ ጂፍ የሚሠሩ ሶፍትዌሮች የፈቃድ ክፍያ እንዲከፍሉ አስታወቁ። ሰባት ዓመት ሙሉ በነጻ የመሰላቸው ባለሙያዎች በአንድ ሌሊት ባለዕዳ ሆኑ።

ምላሹ ፈጣን ነበር። በ1995 መጀመሪያ ላይ በፈቃደኝነት የተሰባሰቡ ሰዎች ከፓተንት ነጻ የሆነ ምትክ መንደፍ ጀመሩ፤ ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለው ፒኤንጂ እንዲህ ተወለደ። የፓተንት ደጋፊዎች ይህን ይዘው «አያችሁ፣ ፓተንት አዲስ ፈጠራ አስገደደ» ይላሉ። ፒኤንጂ በብዙ ረገድ ከጂፍ ይሻላል፤ እውነት ነው። ግን እነዚያ ሰዎች ጊዜያቸውን ያዋሉት ያለውን ነገር ለማለፍ አጥር በመዝለል ነው። የአሜሪካው ፓተንት በሰኔ 2003 አበቃ፣ በአውሮፓና በጃፓን ያሉት ደግሞ በ2004። የኤምፒ3 ድምፅም ተመሳሳይ ዕጣ ነበረው፤ የፈቃድ ፕሮግራሙ እስከተዘጋበት እስከ 2017 ድረስ አንዳንድ የሊኑክስ (የነጻው ስርዓተ ክወና) ስርጭቶች ሙዚቃ ማጫወቻቸውን ያለ ኤምፒ3 ይለቁ ነበር።

አማዞን በ1999 ያገኘውን ባለ አንድ ጠቅታ የግዢ ፓተንት ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። አድራሻና ካርድ የተመዘገበለት ደንበኛ አንዴ ተጭኖ እንዲገዛ የሚያደርግ ነው። በዚያው ዓመት ባርንስ ኤንድ ኖብል የተባለው መጽሐፍ ሻጭ ታገደ፤ እግዱን ለማክበር ደንበኛው አንድ ተጨማሪ ጠቅታ እንዲጫን አደረገ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2001 እግዱን አነሳ፣ ግን የገና ገበያው አልፎ ነበር። ፓተንቱ ያበቃው በ2017 ነው።

እንግዲህ የሌላውን ወገን ክርክር በሙሉ ክብደቱ ማቅረብ አለብኝ፣ ደካማ አድርጎ ማቅረብ ፍትሐዊ አይደለም። ስታክ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ዲስክ ላይ ያለን መረጃ የሚያሳንስ ምርት ነበረው። ማይክሮሶፍት ተመሳሳይ ነገር ኤምኤስ-ዶስ በሚባለው በራሱ ስርዓተ ክወና ውስጥ ጨመረ። ገበያው በአንድ ቀን ሊጠፋ ነው። በ1994 ዳኞች ማይክሮሶፍት የስታክን ፓተንት ጥሷል ብለው 120 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ፤ በኋላም ሁለቱ በስምምነት ጨረሱ። ያለ ፓተንት ስታክ ምን መሣሪያ ነበረው? ኮዱ አልተገለበጠም ከተባለ የቅጂ መብት አይደርስለትም። ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም።

የእኔ መልስ ይህ ነው፦ መሣሪያው ለትንሹ እንዲያገለግል የተሠራ ነው፣ ግን የሚከማቸው ትልቁ ጋ ነው። ለዚህ ደግሞ ምስክር የምጠራው ራሱን ቢል ጌትስን ነው። በ1991 ለኩባንያው ሰዎች በጻፈው ማስታወሻ፣ የዛሬዎቹ ሐሳቦች በተፈጠሩበት ጊዜ ሰዎች የፓተንትን አሰጣጥ ተረድተው ፓተንት አውጥተው ቢሆን ኖሮ ኢንዱስትሪው ዛሬ ሙሉ በሙሉ በቆመ ነበር ብሏል። ከዚያም ያቀረበው መፍትሔ ማይክሮሶፍት ራሱ የቻለውን ያህል ፓተንት እንዲያወጣ ነው። ሃያ ዓመት በኋላ የኖርቴል ኩባንያ ስድስት ሺህ ያህል ፓተንቶች በ2011 በጨረታ በ4.5 ቢሊዮን ዶላር ተሸጡ፤ የገዙት አፕልና ማይክሮሶፍት ያሉበት ስብስብ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የሚወጣው ለመሥራት አይደለም፣ ላለመከሰስና ለመክሰስ ነው። እንደ ስታክ ምርት ያለው ኩባንያ ሲከስ ቢያንስ የመልስ ክስ ይፈራል። ምርት የሌለው፣ ፓተንት ብቻ ገዝቶ የሚከስ ድርጅት ግን የሚፈራው የለም። የብላክቤሪ ስልክ አምራች በ2006 እንዲህ ላለ ከሳሽ 612.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተገላገለ።

ሁለተኛው ክርክር «ፓተንት ምስጢርን ያወጣል» የሚል ነው። ፈጣሪው ዘዴውን ለሕዝብ ይገልጻል፣ በምላሹ ለተወሰነ ጊዜ ብቸኛ መብት ያገኛል። ለማሽን ይህ ይሠራል፤ ሥዕሉን ያየ መካኒክ ማሽኑን ይሠራዋል። የሶፍትዌር ፓተንት ግን ሳጥንና ቀስት ይሥላል እንጂ ኮድ አያሳይም። ከዚያ ሰነድ ተምሮ የሠራ ፕሮግራመር ፈልጋችሁ ጥቂት ብታገኙ ነው። ፓተንት ደግሞ በብዙ አገር የሚቆየው 20 ዓመት ነው፤ በሶፍትዌር ዓለም ይህ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት፤ ለመድኃኒት ሙከራው ራሱ ብዙ ዓመት ይበላል፣ ለመተግበሪያ ግን ስልኩም ስርዓተ ክወናውም ብዙ ጊዜ ተቀይሮ አልፏል።

ያለ ፓተንት ፈጠራ ይደርቃል ወይ? ቪዚካልክን ተመልከቱ። የዛሬው ኤክሴል አያት ነው፤ በ1979 ወጣ፤ ፓተንት አልነበረውም፤ በዚያን ጊዜ ለፕሮግራም ፓተንት ማግኘት አጠራጣሪ ነበርና። ሎተስ 1-2-3 በ1983 መጣ፣ ኤክሴል ተከተለ። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እየቆመ ሄደ። በርግጥ የቪዚካልክ ሰዎች ከገበያ ወጡ፤ ይህ ያማል፣ ልደብቀውም አልፈልግም። ሆኖም የሒሳብ ሠንጠረዥ ለሃያ ዓመት የአንድ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በየቢሮው ባልተገኘ ነበር።

የሕጉን ጉዞ በአጭሩ ልለፈው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 ቁጥርን ከአንድ አጻጻፍ ወደ ሌላ የሚቀይር ዘዴን ከለከለ፤ በ1981 ላስቲክ በሙቀት የሚያበስል ማሽን በኮምፒውተር መቆጣጠርን ፈቀደ፤ በ1998 አንድ የበታች ፍርድ ቤት በሩን እስከ ንግድ ዘዴዎች ከፈተው፤ በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአሊስ ጉዳይ ረቂቅ ሐሳብን በተራ ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ ብቻ ፈጠራ አያደርገውም ብሎ መልሶ አጠበበው። የአውሮፓ ፓርላማ በሐምሌ 2005 የሶፍትዌር ፓተንትን የሚያጸና መመሪያ በ648 ድምፅ ለ14 ጣለው። ኒውዚላንድ በ2013 ሕጓ ፕሮግራምን እንደ ፕሮግራምነቱ ፈጠራ አይደለም አለች።

የህንድን ግን ቆም ብለን እንይ፤ ለእኛ ትርጉም አለው። ኢትዮጵያ ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት ስትደራደር ቆይታለች። የድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት በአንቀጽ 27 ፓተንት በሁሉም የቴክኖሎጂ ዘርፎች ይሰጥ ይላል። ይህን ይዞ «ከገባን የሶፍትዌር ፓተንት ግዴታ ነው» የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል። ህንድ አባል ናት፤ የፓተንት ሕጓ ግን በክፍል 3 ፕሮግራምን በራሱ፣ አልጎሪዝምንና የንግድ ዘዴን ይከለክላል። በ2004 መጨረሻ መንግሥት በአስቸኳይ ድንጋጌ ሊያላላው ሞከረ፤ በ2005 ፓርላማው ያንን ሳያጸድቅ ቀረ። ስምምነቱ በአንቀጽ 10 ስለ ፕሮግራም በግልጽ የሚያዘው ነገር እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ እንዲጠበቅ ነው፤ እሱ ደግሞ በእኛ ሕግ አለ።

ወደዚያ ሕግ እንሂድ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ጥበቃው ለጸሐፊው ዕድሜ ልክና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ኮዱ ከተጻፈ መብቱ አለ፤ ማመልከቻ አይጠይቅም። ሐሳብን፣ አሠራርን፣ ቀመርን ግን አይጠብቅም። ጎረቤታችሁ መተግበሪያችሁን አይቶ ከዜሮ ራሱ ቢጽፈው ጥፋተኛ አይደለም፤ ኮዱን፣ አዶዎቹን ወይም ጽሑፉን ከገለበጠ ግን ነው። ስለዚህ ማስረጃ ይዛችሁ ኑሩ፦ የጊት (የኮድ ለውጥን የሚመዘግበው መሣሪያ) ታሪካችሁን አትሰርዙ፣ ለደንበኛ ያስረከባችሁትን እያንዳንዱን ቅጂ ከነቀኑ አስቀምጡ፣ ትልቁን ሥራ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቡ። ምዝገባው መብቱን አይፈጥርም፣ ክርክር ሲነሳ ግን ይመሰክራል።

በተግባር ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚደርሰው ከገልባጭ ሳይሆን ከውል ነው። በአዋጁ መሠረት ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የመጀመሪያ ባለቤቱ አሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው። ለአንድ ሆቴል የጻፋችሁትን የማስያዣ ሞተር ለሁለተኛው ሆቴል ልትሸጡ ስትሄዱ፣ ያ ሞተር የእናንተ እንዳልሆነ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ። አንደኛ፣ ከውሉ በፊት የነበራችሁ ኮድና የኮድ ቤተ መጻሕፍት (ላይብረሪ) የእናንተ ሆኖ እንደሚቆይ፤ በስማቸው ዘርዝሯቸው። ሁለተኛ፣ ደንበኛው የሚያገኘው ባለቤትነት ነው ወይስ የመጠቀም ፈቃድ። ሦስተኛ፣ መብቱ የሚተላለፈው የመጨረሻው ክፍያ ሲጠናቀቅ መሆኑ።

ክፍት ኮድ፣ ማለትም ማንም እንዲጠቀምበት በይፋ የተለቀቀ ኮድ፣ ስትጠቀሙ ወይም ስትለቁ ፈቃዱን አንብቡ። ኤምአይቲ የሚባለው ፈቃድ አጭርና ምቹ ነው፣ ስለ ፓተንት ግን በግልጽ አይናገርም። አፓቼ 2.0 የሚባለው ፈቃድ አስተዋጽኦ ያደረገ ሁሉ የፓተንት ፈቃድም እንደሰጠ ይቆጥረዋል፤ በዚያ ሥራ ምክንያት የፓተንት ክስ የከፈተ ደግሞ የተሰጠው የፓተንት ፈቃድ ይቋረጥበታል። ምርታችሁ ውጭ አገር የሚሸጥ ከሆነ እኔ አፓቼን እመርጣለሁ። ፓተንት በየአገሩ ነውና የአሜሪካ ፓተንት ባሕር ዳር ላይ አይከለክላችሁም፤ መተግበሪያችሁን አሜሪካ ላይ ስትሸጡ ግን የዚያ ሕግ ይደርስባችኋል።

አዲስ ዘዴ ካገኛችሁና ነገ ሌላ ሰው ውጭ አገር ፓተንት አውጥቶበት እንዳይመጣባችሁ ከፈለጋችሁ፣ ርካሹ መከላከያ ማተም ነው። ቀድሞ የታተመ ነገር አዲስ አይባልም። ግን አተማተሙ ወሳኝ ነው። ችግሩን ጻፉ፤ ክፍሎቹን ዘርዝሩ፤ ደረጃዎቹን ሌላ ባለሙያ ደግሞ ሊሠራው እስከሚችል ድረስ አስረዱ። ከዚያ አብዛኛው ሰው የሚረሳውን ጨምሩ፦ ልዩ ልዩ አማራጮቹን። «10 ደቂቃ» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ሌላው «በተሳፋሪው ርቀት የሚለዋወጥ ጊዜ» ብሎ ይይዝባችኋል። ቀኑ በማያጠራጥርና ማንም ፈልጎ በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት፤ ፍለጋው በእንግሊዝኛ ስለሚደረግ በአማርኛ የጻፋችሁትን በእንግሊዝኛም ድገሙት። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ካተማችሁ በኋላ በአውሮፓ እናንተም ራሳችሁ ፓተንት ማውጣት አትችሉም፣ በአሜሪካ ያላችሁ ጊዜ አንድ ዓመት ነው። የአር-ኤስ-ኤ ምስጠራ ፈጣሪዎች በ1977 ከማመልከታቸው በፊት ዘዴውን አሳውቀው ስለነበር ከአሜሪካ ውጭ ፓተንት ማግኘት አልቻሉም።

በመጨረሻ፣ ከእናንተ መካከል መሣሪያም የምትሠሩ አላችሁ። ጣና ላይ የሚንሳፈፍ፣ የውኃ ከፍታ ወይም የእምቦጭን ስርጭት የሚለካ ዕቃ ብትሠሩ ፕሮግራሙን ለብቻው አታመልክቱ። ሴንሰሩ እንዴት እንደተያዘ፣ ማዕበል ሲያናውጠው ንባቡ እንዴት እንደሚታረም፣ ባትሪው እንዴት እንደሚቆጥብ አንድ ላይ እንደ መሣሪያ ግለጹት። ትልቅ የፈጠራ ደረጃ ባይኖረው እንኳ በፓተንት አዋጁ በቁጥር 123/1987 የአነስተኛ ፈጠራ ምስክር ወረቀት አለ፤ ለ5 ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ማመልከቻውን ዕቃው ለኤግዚቢሽን ከመውጣቱ በፊት አስገቡት፤ ፕሮግራሙን ደግሞ በቅጂ መብት ለብቻው አስመዝግቡት።